የተማረከችው ባንዲራ

ከቃሊቲ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለብቻቸው ይነጫነጫሉ። አጠገባቸው ያለችው ሴትዮ ዝም ማለት አላስቻላትም።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ቅድም ፍተሻ ላይ ባንዲራ ወሰዱብኝ።»

«የምን ባንዲራ?»

«ሴት ልጄ ጋ ልገባ ዕቃዬን እያጓጓዝኩ ነው። ሁለት ባንዲራ ይዤ ነበር። አንዱ ወታደር እያለሁ ከጠላት ምሽግ ላይ ያወረድኩት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ለማስታወሻ ሳጥኔ ውስጥ አለ።»

«እሱን ነዋ የወሰዱት!»

«እሱንማ ፈታሹ ዘርግቶ አየና ‹መጋረጃ ነው?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩት። አጣጥፎ መለሰልኝ።»

«ታዲያ የቱን ወሰዱ?»

«የራሳችንን! እኛ ይዘናት የዘመትነውን። ‹አርማ የላትም፣ ክልክል ነው› አለኝ።»

«እርስዎ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? ያ ሁሉ ጥይት ሲዘንብብን ጠላት እጅ አልገባችም። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ቃሊቲ ላይ ተማረከች።»

«ኧረ ቀስ ብለው ያውሩ፣ አባባ!»

«ምን አልኩ?»

«የቀረውንስ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ልጄ ሳሎን መስኮት ላይ እሰቅለዋለሁ። መጋረጃ ነው ተብሎ በመንግሥት ተፈትሾ ያለፈ ነው፤ ማን ይከለክለኛል?»

እኔ የሸሚዜን እጅጌ ቀስ ብዬ ጎተትኩና አንጓዬ ላይ ያሰርኩትን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክር ሸፈንኩት።