የገዛ መሳቢያቸውን የመረመሩት አባት ዜና ሕይወት

ዘመናትን የሚያፈራርቅ፣ የሰውን መምጫና መሄጃ በእጁ የያዘ፣ ለበደለ ሁሉ የመመለሻ ዕድሜ የማይነፍግ እግዚአብሔር ስሙ ለዓለመ ዓለም የተመሰገነ ይሁን፤ አሜን።

ዛሬ የምንሰናበታቸው አባታችን ከግምጃ ቤት ጠባቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወልደው፣ በሥርዓት አድገው፣ ትምህርታቸውንም ፈጽመው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በቤትና ቦታ ይዞታ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። የመሥሪያ ቤቱን ታይፒስት አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ያፈሩ ሲሆን፣ ደረጃ በደረጃም የመዝገብ ቤት ኃላፊ ለመሆን በቁ። ማናቸውም ማመልከቻ እርሳቸው «ታይቷል» ብለው ካልፈረሙበት ንቅንቅ አይልም ነበርና፣ ለመፈረምም አይቸኩሉም ነበርና፣ ባለጉዳዩ «አባ ነገ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ እርሳቸው ግን ስለ ትዕግሥታቸው የተሰጠ ምስጋና መስሏቸው ደስ ይሰኙ ነበር።

ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው የመምሪያ ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ፤ ለቦታውም በሕዝብ አገልግሎት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ተጠየቀ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኞች በሚሰጠው ትምህርት ተመዝግበው ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተቀመጡ። የመምህሩን ማስታወሻ ሁሉ ቁጥርና ቀን ሰጥተው በፋይል ያኖሩ ስለ ነበር፣ ለፈተና የጨነቀው ወጣት «ጋሼ፣ የሦስተኛው ሳምንት ማስታወሻ ይኖርዎታል?» ሲላቸው፣ «ማመልከቻ ይዘሃል?» ይሉት ነበር ይባላል።

የመመረቂያ ጥናታቸው ባለጉዳይ ለምን እንደሚጉላላ የሚመረምር ነበር። ጥፋቱ የመሥሪያ ቤታቸው የካርታ ክፍል እንደሆነ ከቶ ስላልተጠራጠሩ፣ ወቀሳውን አስቀድመው በአራት ገጽ ጽፈው አስቀመጡ። ከዚያም የአርባ ፋይሎችን የገቢና የወጪ ማኅተም ቢያመሳክሩ፣ አንድ ማመልከቻ በመሥሪያ ቤቱ ከሚቆይባቸው ሃያ ሦስት ቀናት አሥራ ዘጠኙን የሚያድረው በእርሳቸው መሳቢያ ሆኖ ተገኘ። ደግመው ቆጠሩ፤ ሃያ ሆነ።

ያን ጊዜ ጭንቅ ያዛቸው፤ እውነቱን ቢጽፉ ሹመቱ ይቀራል፣ ቢሸሽጉት ዲግሪው የሐሰት ይሆናል። ጥናቱን ይተይቡላቸው የነበሩት ባለቤታቸውም «አንተ ሰው፣ አራቱን ገጽ ልሰርዘው ወይስ ካርታ ክፍል የሚለውን አውጥቼ አንተን ላስገባ?» ቢሏቸው፣ ሦስት ቀን እህል እንዳስጠላው ሰው ሰንብተው «አስገቢኝ፤ ወቀሳው እንኳ ደኅና ተጽፏል» አሉ።

በግምገማው ዕለት ፈታኙ ተገርመው «እኚህ ኃላፊ እስካሁን በሥራ ላይ ናቸው?» ብለው ቢጠይቁ፣ አባታችን ከረባታቸውን አስተካክለው «ለዛሬ ፈቃድ ወስደው እርስዎ ፊት ቆመዋል» ሲሉ መለሱ። ዲግሪውን አገኙ፤ ሹመቱን ግን የካርታ ክፍሉ ኃላፊ ወሰዱት። አዲሱ ሹምም ጥናቱን አንብበው መጀመሪያ የሻሩት የአባታችንን ፊርማ ነበር። እርሳቸውም ሳይቀየሙ የእንግዳ መቀበያው መስኮት እንዲሰጣቸው ለምነው፣ ጡረታ እስኪወጡ አምስት ዓመት ሙሉ የመጣውን በዕለቱ እየሸኙ አገለገሉ።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም አስከሬናቸውን ተሸክመው ያመጡትን የቀድሞውን የካርታ ክፍል ኃላፊ ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን። ለእናንተም ለሰማችሁት፣ የገዛ ጥፋታችሁን አይታችሁ በእጃችሁ ለመጻፍ የሚደፍር ልብ፣ ጽፋችሁም ለማረም የሚበቃ ዕድሜ ይስጣችሁ፤ አሜን።