የተነቀሉት ችካሎችና የማስነሻው ሲዲ

ባለቤቴ ያረፈችበት ቦታ ጠፍቶ የጠበቀኝ ሐሙስ ጠዋት ነው። ጠፍቶ ስል ሣር ሸፍኖት ማለቴ አይደለም። አራተኛ ክፍል የሚባለው፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው የተኛበት ሜዳ፣ ኳስ ሊጫወቱበት የተሰናዳ ይመስል ተደልድሎ፣ አንድ ችካል እንኳ ሳይቀርበት ለጥ ብሎ አገኘሁት። የያዝኩትን አበባ የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ክው ብዬ ቆምኩ። አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ግን አላስታውስም።

የመቃብር ቦታውን ደንብ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚህ ሐውልት ማቆም ክልክል ነው። ለእያንዳንዱ መቃብር ራስጌው ላይ ቁጥር የተጻፈበት አጭር የብረት ችካል ብቻ ይተከልለታል። የባለቤቴ አንድ መቶ ዐሥራ ሰባት ነው። ማን የት እንዳለ፣ ከግንቡ ማዕዘን ስንት ሜትር እንደሚርቅ የሚታወቀው ቢሮ ውስጥ ባለው ፕላን ነው።

ወደ ቢሮው ስገሰግስ በግንቡ ጥግ ከአንድ የእጅ ጋሪ ጋር ልጋጭ ለጥቂት ተረፍኩ። ጋሪው እስከ አፉ ችካል ተሞልቷል። የሚገፉት የቦታው ኃላፊ ነበሩ። ሳይለኩ አንድ ጉድጓድ አያስቆፍሩምና ሰው ሁሉ «አባ ልኩ» ይላቸዋል።

«አባ ልኩ! ባለቤቴ የት አለች?» አልኳቸው፤ ሰላምታው ተረስቶኝ።

«ደኅና አደሩ መምህር። እዚያው ናቸው፤ የት ይሄዳሉ?»

«እዚያው የት?»

«ዝናቡ መሬቱን አስምጦት ውሃ ስላቆረ ማክሰኞና ረቡዕ አስደለደልነው። ችካሎቹ ትራክተሩን ስላስቸገሩት ለጊዜው ነቀልናቸው። ዛሬ መልሰን ልንተክላቸው ነበር።»

«ነበር?»

አባ ልኩ ጋሪውን አቁመው ላባቸውን ጠረጉ። «ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት አልነሳ አለን» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ወረቀቱን ያምጡዋ!»

«አራተኛ ክፍል የተከፈተው ኮምፒውተሩ ከገባ በኋላ ነው መምህር። ወረቀት አያውቅም።» ጋሪውን ወደ ግንቡ አስጠግተው ጨመሩ፤ «ሌላም ጣጣ አለ። ነገ ጠዋት እዚያው ክፍል ቀብር አለብን። አፈሩ ጠንካራ ስለሆነ ቆፋሪዎቹ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራሉ።»

የት እንዳለች በማይታወቅበት ሜዳ ላይ ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ሊመጡ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልስማ!

ቢሮው ውስጥ አንዲት ወጣት ካቻቢቴ ይዛ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች፤ ኮምፒውተሩም ሆዱ ተከፍቶ አጠገቧ ተጋድሟል። የአባ ልኩ የእህት ልጅ ናት። የኮምፒውተር ጥገና ተምራ ሱቅ ከፍታለች፤ ስትጠራ ከነመሣሪያዋ እየሮጠች መምጣቷ ያስታውቃል፤ የአንድ ጫማዋ ክር እንኳ አልታሰረም።

«ሁሉን ነገር የሚይዘው ሃርድ ዲስክ ሞቷል አጎቴ» አለች ቀና ብላ። «አዲስ ገጥሜለታለሁ። አዲሱ ግን ባዶ ነው፤ ዛሬ እንደተወለደ ሕፃን ምንም አያውቅም።»

«አይዞሽ!» አሉ አባ ልኩ ደረታቸውን ነፍተው። «እኔ የዋዛ ሰው መሰልኩሽ? በየሳምንቱ ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሳላጓድል ባክአፕ አደርጋለሁ፤ ያለውን ሁሉ እቀዳለሁ።» ቁም ሣጥኑን ከፍተው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ጥቁር ሣጥን አወጡ። በእጅ ጽሑፋቸው የዓርቦቹ ቀን ሁሉ ተመዝግቦ ተለጥፎባታል። እኔም «ተመስገን» ብዬ ወንበር ሳብኩ።

ልጅቷ ጥቁሯን ሣጥን ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አገናኝታ ጥቂት አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ባክአፑ አለ። ያለው ግን አንድ ትልቅ የታሰረ ፋይል ሆኖ ነው። የሚፈታው ያሰረው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሞተው ሃርድ ዲስክ ጋር አብሮ ሞቷል።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?» አልኩ።

«ለዚህ ነበር እኮ አምና ማስነሻ ሲዲ ይሥሩ ብዬ የለመንኳቸው! ባክአፕ የሚሠራው ፕሮግራም ራሱ ‹ማስነሻ ሲዲ ልሥራልህ?› ብሎ ይጠይቃል። እሺ ሲሉት ባዶ ሲዲ ላይ ሁለት ነገር ይጽፍልዎታል፤ ባዶውን ኮምፒውተር የሚያስነሳውንና ባክአፑን የሚፈታውን። በቃ፣ ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።»

«ሠርቻለሁ እኮ!» አሉ አባ ልኩ።

ሁለታችንም ዞር አልን። ልጅቷ ከወለሉ ብድግ አለች። «ሠርተዋል? የት አለ ታዲያ?»

«ያን ቀን ባዶ ሲዲ አልነበረኝም። ኮምፒውተሩ የት ላስቀምጠው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንዳይጠፋ ብዬ...» ድምፃቸው ሰለለ፤ «እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀመጥኩት።»

የልጅቷ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ቁልፉ እንዳይጠፋ ብሎ ሣጥኑ ውስጥ የቆለፈበትን ሰው በዓይኔ አየሁ! ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ በሳቅሁ ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ግን የእኔ ባለቤት ናት።

«እሺ» አለች ልጅቷ ራሷን እያረጋጋች። «ከተማው ማዶ ያለው መቃብር ቦታ ከዚህኛው ጋር አብሮ የተገዛ ኮምፒውተር አለው፤ ፕሮግራሙም አንድ ዓይነት ነው። እዚያ ሄጄ ሲዲውን ሠርቼ እመለሳለሁ። እስክመጣ ማንም ምንም እንዳይነካ!» ባዶ ሲዲዎቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

እስክትመጣ መጠበቅ ነበረብን። ሁለት ሽማግሌዎች ሲጨነቁ ግን አርፈው አይቀመጡም።

«አባ ልኩ፣ ለእኔ ኮምፒውተር አያስፈልገኝም» አልኳቸው። «አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተመላልሼበታለሁ። ከቧንቧው ሠላሳ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘጠኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አገኛታለሁ።»

«እውነትዎን ነው?»

«ሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ረሱት እንዴ?»

ወጣንና ቆጠርኩ። ደረስኩ። ደግሜ ብቆጥር ሌላ ቦታ ደረስኩ። ደነገጥኩ፤ ግን ድንጋጤዬን ዋጥኩት። አባ ልኩ እያዩኝ ነው፤ ኩራት የሚሉት ነገር ደግሞ ከነጭ ፀጉር ጋር አብሮ አይረግፍም። «የመጀመሪያው ነው ትክክሉ» አልኩ ኮስተር ብዬ። አበባዬን እዚያ አኖርኩና ለብቻዬ ተንበርክኬ ያለፈውን ወር ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ ከልጃችን ጋር ስለ መኮራረፌ፣ እሷ በሌለችበት አልጋ ግራ ጎኑ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ። አለቀስኩም።

አባ ልኩ ኮፍያቸውን አውልቀው በአክብሮት ርቀው ቆሙ። ስነሳ ጠጋ አሉኝ። «መምህር፣ ባለቤትዎ እዚህ ከሆኑ እንግዲያው ያኛው ጥግ ክፍት ነው ማለት ነው። በዓይኔ ስገምተው ለነገው ቀብር የሚሆነው እሱ ይመስለኛል። ምን ይላሉ?»

«ምንም ጥርጥር የለውም» አልኩ። «ያስምሩበት።»

የሰው ልጅ ሲደፍር እንዲህ ነው። አባ ልኩ በኖራ አራት ማዕዘን አሰመሩ።

ልጅቷ ስትመለስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ሲዲውን ከተተችው። ባዶው ኮምፒውተር አጉረመረመ፣ በራ፣ ጥቁሯን ሣጥንም አገኛት። «አሁን እየፈታ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል» አለች። እኛም ያችን አንድ ሰዓት ዝም ብለን አላሳለፍናትም።

«የእኔ ልጅ» አልኩ፤ «እኔ አርባ ዓመት የጻፍኩበት ሰሌዳ አንድም ቀን ባክአፕ አልጠየቀኝም።»

«የጻፉትን በማግስቱ ያገኙት ነበር መምህር?»

ተማሪ እንዲህ ሲመልስልኝ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ግን ያናድዳል።

አባ ልኩ ሊያግዙኝ ገቡ። «ይኸውልሽ፣ በወረቀት ብንቀጥል ይሻለን ነበር። ወረቀት አልነሳም አይልም።»

«የሁለተኛ ክፍል መዝገብ ጣሪያው አፍስሶበት ገጹ ሁሉ ተጣብቆ የቀረው ወረቀት ስላልሆነ ነው? ሁለት ወር ሙሉ አንድ በአንድ ሲያላቅቁ የነበሩት እርስዎ አይደሉ? ወረቀትም ሆነ ኮምፒውተር ሁለተኛ ቅጂ ይፈልጋል አጎቴ። ቅጂው ደግሞ መክፈቻ ይፈልጋል። እርስዎ ሥራውን ዘጠኝ እጅ ሠርተው አንዷን እጅ ተዉአት፤ ዛሬ ያስለቀሰችን እሷው ናት።»

«እኔ እኮ ሰነፍ ሆኜ አይደለም» አሉ፤ ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። «ዓርብ አንድም ቀን አላጓደልኩም። ታምሜ እንኳ መጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ባይተጉ ዛሬ የምፈታው ነገር ባልኖረ ነበር» አለች ትከሻቸውን ይዛ። «ለዚህ ነው የቆጨኝ። ትጋትዎ ከንቱ ሊቀር ነበር።»

ፕላኑ ሲከፈት ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱም ስሞች በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። አባ ልኩ የኮምፒውተሩን መስታወት በእጃቸው ዳሰሱት። ልጅቷ የአንድ መቶ ዐሥራ ሰባትንና በዙሪያው ያሉትን ርቀት ከነማንነታቸው በወረቀት ጻፈች፤ ሜትሩን ይዘን ወጣን። ቆፋሪዎቹ ቀድመውን መጥተው ኖራው ዳር ቆመዋል፤ አንዱ ሸሚዙን አውልቋል።

አባ ልኩ ሜትሩን ከግንቡ ማዕዘን ላይ ያዙት፤ እኔ ጫፉን ይዤ ሄድኩ። አበባዬን አለፍኩት። «ቆይ፣ ስህተት አለ» አልኩ። «የለም፣ ይቀጥሉ» አለች ልጅቷ። ቀጠልኩ። ከአበባው ሰባት ሜትር፣ ስምንት ሜትር ራቅሁ... ቁጥሩ ሲሞላ እግሬ ኖራው ውስጥ ነበር።

መሐሉ ላይ።

አባ ልኩ ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀ። እንደገና ለካን፤ ከሁለተኛው ማዕዘንም ለካን፤ ያው ነው። ያ ሸሚዙን ያወለቀ ሰው ዶማውን አንስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያነሳው በእኔ ቃል ነበር። «ምንም ጥርጥር የለውም» ያልኩት እኔ ነኝ። የባለቤቴን ዐፅም ላስቆፍርባት የፈረምኩት እኔው ነኝ! ችካሉን ለልጅቷ ሰጠኋትና ተከለችልኝ።

«አበባው ያለበት የማን ነው?» አልኳት።

ወረቀቷን አየች። «አንድ መቶ ሠላሳ አንድ። ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ።»

የአልጋዬን ግራ ጎን ለትራፊክ ፖሊስ ነግሬው ኖሯል። ይቅር ይበለኝ፤ አበባውን ግን አልወሰድኩበትም።

ወደ ቢሮ ስንመለስ አባ ልኩ ሳይጠየቁ ተናገሩ። «ልጄ፣ ተሸነፍኩ። ሣጥኑን ተንከባክቤ መክፈቻውን ናቅሁ። አሁን አስተምሪኝ።»

አስተማረቻቸው። የነቃው ኮምፒውተር ላይ ሦስት ማስነሻ ሲዲ በገዛ እጃቸው አሠራቻቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነና ቀኑን አስጻፈቻቸው። አንዱ ለቢሮው ቁም ሣጥን፣ አንዱ ለቤታቸው፣ አንዱ ለእኔ። አባ ልኩ ሲዲዎቹን በጨርቅ ሊጠቀልሉ ሲሉ ያዘቻቸው። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እያንዳንዱ ኮምፒውተሩን ያስነሳ እንደሆነ ይሞክሩት፤ ያልተሞከረ ሲዲ እንደሌለ ይቁጠሩት።» እየፈሩ ሞከሩ፤ ሦስቱም አስነሱ።

በመጨረሻም ሌላ ድንጋጤ ጠበቀኝ። ሰኞ ዕለት ከባለቤቴ ጎን ያለውን ቦታ ለራሴ አስመዝግቤ ነበር፤ ፕላኑ ላይ ግን ባዶ ነው። ልጅቷ ምክንያቱን አስረዳችኝ፤ የመጨረሻው ባክአፕ የዓርብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ሁሉ አይመለስም። አባ ልኩ ስሜን ዓይኔ እያየ እንደገና ጻፉት። የራስን መቃብር ሲመዘገብ ማየት አያስደስትም፤ እኔ ግን «ባክአፑን አሁኑኑ ያድርጉት፤ ዓርብን አልጠብቅም» ብዬ ጮኽኩ። አደረጉት።

አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም ቤትህ ወይም መሥሪያ ቤትህ የምታስቀምጠው ነገር ይኖርሃል። የልጆችህ ፎቶ ይሆናል፣ የሕመምተኞችህ መዝገብ ይሆናል፣ ሃያ ዓመት የለፋህበት ጽሑፍ ይሆናል። ቅጂ አለኝ ብለህ አትተኛ። ኮምፒውተሩ ቢሞት ቅጂውን በምን ትከፍተዋለህ? ማስነሻውን ሥራ፣ ከኮምፒውተሩ ውጭ አኑረው፣ ሞክረውም እየው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዐሥር ደቂቃህን ብትሰስት እንደ እኔ በዓይን ግምት ትምላለህ፤ ዓይን ደግሞ ያታልላል።

ቆፋሪዎቹ ሥራ የጀመሩት ዐሥር ሰዓት ላይ፣ በሜትር ተለክቶ በተሰጣቸው ባዶ ቦታ ነው። ይሂዱ ብለውኝ አልሄድኩም። ባለቤቴ ራስጌ ቆሜ ችካሉን በእጄ ጨብጬ ቆየሁ። ዶማው መሬቱን በመታ ቁጥር ብረቱ መዳፌ ውስጥ ይነዝረኝ ነበር፤ ጉድጓዱ አልቆ ሰዎቹ መሣሪያቸውን ሰብስበው እስኪሄዱ ድረስም አልለቀቅሁትም።