ወንፊት ያልጣለው መስመር

የዚያ ዓመት በጋ ክፉ ነበር። ዝናቡ ቀረ። ወንዙ ቀጥኖ ድንጋዩ ወጣ። ውሃ የሚገፉት አሥራ አንድ የፓምፕ ጣቢያዎች በሙቀቱ ተራ በተራ ቆሙ፤ ከቆሙም በኋላ በራሳቸው አልተነሡም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቧንቧው ደረቀ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጭ ወጣ። አንዲት የልጆች እናት ዳገቱ ላይ ልረፍ ብላ ተቀመጠች፤ ቢጠሯት አልተነሣችም።

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሠራተኛው ሁሉ አፍ አንድ ነው፤ ወንፊት ብለው የሚጠሩት የባልደረባቸው ነው ይላል። ወንፊት ራሱም እንደዚያ ይላል። እንደዚያ አለመሆኑን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። እሱም ዛሬ ከሰዓት በኋላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አንድ አሮጌ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ተቀምጧል። ስልኩ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳያይ አወቀ።

— ሄሎ… አቤት፣ እኔ ነኝ። ሌላ ማን ያነሣዋል?… ደህና ነኝ። ጉልበቴ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ… እሷም አለች፤ እዚሁ ካልሲ ትጠግናለች። አንቺ፣ ወንፊት ነው፤ ሰላም ይልሻል… ምን አለች መሰለህ? ዛሬም ሩዙን ፍሬ በፍሬ እየለቀመ ነው ወይ የሚበላው አለች።

ወንፊት የሚለውን ስም ያወጡለት የፓምፕ ሠራተኞች ናቸው። ትርፍ ነገር አይወድም። ደብዳቤ ሲጽፍ ሰላምታ የለውም፤ ስልክ ሲዘጋም ደህና ሁን ብሎ አያውቅም፤ ንግግሩ ካለቀ መለያየታችን የታወቀ ነው ይላል። ሁለቱ ሃያ ዓመት በውሃ ሥራው መሥሪያ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው እነዚህን ሳጥኖች ሲጠግኑ ኖረዋል።

በሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ያረጀ ዓይነት ነው። የሚሠራበት ከርነል ግን፣ የኮምፒውተሩ ሥርዓት አስኳል ማለት ነው፣ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ በየአገሩ ተቀምጠው በጋራ ይጽፉታል። ለስልኩም፣ ለትልልቁም ማሽን፣ ለመኪናውም፣ ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት አንድ ነባሪ ፋይል አለው። ከርነሉን የሚገነባ ሰው ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ ብሎ ካልመረጠ ፋይሉ ይመርጥለታል። ሽማግሌው ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዳ ነባሪ ማለት ዝም ላለ ሰው የተቀመጠ መልስ ነው ይል ነበር። ከዚያ በላይ ማስረዳት አይወድም።

— አዎ፣ ከርነሉን ሞከርኩት። ትናንት ገነባሁት፣ ዛሬ ጠዋት ሳጥኑ ላይ ጫንኩት… ተነሣ… ዘበኛውንም ሞክሬዋለሁ። ሆን ብዬ ስታክ አስደረግሁት፤ ሠላሳ ሰከንድ ቆጠርኩ፤ ቀስቅሶ አስነሣው… በእጅ ሰዓቴ ነዋ፣ በምን ልቁጠር? በጣቴ?

ዘበኛ የሚሉት በሳጥኑ ውስጥ ያለ አንድ ሰዓት ነው። ማሽኑ ስታክ ሲያደርግ፣ ባለበት ደርቆ ሲቆም ማለት ነው፣ መልሶ ያስነሣዋል። በሙቀት ወራት ያለ ዘበኛ ፓምፕ አይታመንም፤ አንዴ ከቆመ ሰው ሄዶ ቁልፉን እስኪጫነው ተገትሮ ይቀራል። ጣቢያዎቹ ደግሞ የቀን፣ የሁለት ቀን መንገድ ናቸው።

— ታዲያ ድምፅህ ለምን የምሥራች አልመሰለም?… የከርነሉ ሰዎች ሊያወጡት? ፋይሉን ነው ወይስ ፕሮሰሰሩን እንዳለ?… ሁለቱንም… ማን ይጠቀምበታል አሉ? አሥራ አንድ ጣቢያ ውሃ የሚገፋበት ነው በላቸዋ… ብለሃቸዋል። እሺ… እሺ። ይህስ እውነታቸውን ነው፤ ባለቤት የሌለው ፋይል ሸክም ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እላለሁ። ፋይሉን በኃላፊነት የሚይዝ ጠባቂ ከተገኘለት ግን ይተዉታል አይደል?… ታዲያ አንተ አለህ። ከአንተ የተሻለ ጠባቂ ከየት ያመጣሉ?… ምን?

ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ሚስቱ ካልሲውን ገልብጣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

— ቆይ። ድገምልኝ… ማን ምን እንዳስገባ የተጻፈበትን የድሮውን መዝገብ አወጡት። ዘበኛውን የጣለ ሰው እንደገና ጠባቂ ሊሆን አይገባም አሉህ… በጨዋ ቋንቋ ቢሉትም ያው ነው። አንተስ ምን አልክ?… ምንም? ለምን ምንም አትልም?… «ልክ ናቸው»።



ነገሩ እንዲህ ነበር። ነባሪ ፋይል ሲታደስ ይጣራል። ትዕዛዝ ትሰጣለህ፤ ኮምፒውተሩ ለሁሉም ፕሮሰሰር የወጣው የጋራው ሕግ አስቀድሞ የተናገረውን የሚደግም መስመር ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ ያወጣዋል። በዚያን ጊዜ የጋራው ሕግ ዘበኛውን ለሁሉም ፈቅዶ ነበርና «ዘበኛው ይግባ» የምትለው መስመር ትርፍ ነበረች። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን ሕግ ነገ ሊለወጥ ይችላል ብለው ያችን አንዲት መስመር ከተጣራ በኋላ በእጃቸው ይመልሷት ነበር። ወንፊት እንኳ በእሷ ተስማምቷል። አንድ ቀን ሽማግሌው ፋይሉን አደሰ፣ አጣራ፣ መስመሯን ሳይመልስ ላከ። ደክሞት ነበር፤ ሰርቪሱም ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀው ነበር። ወደ ጋራው ሥራ የማስገባት ፈቃድ የነበረው ወንፊት ብቻ ነው፤ የዚያን ቀን የአሥራ አራት ዓይነት ፕሮሰሰር ፋይል ፊቱ ተከምሮ ነበር። ይህንንም ከነዚያ ጋር አጣርቶ በስሙ አስገባው።

ከጥቂት ወር በኋላ የጋራው ሕግ ተለወጠ። ዘበኛ የሚፈልግ ራሱ ይጻፍ ተባለ። የእነሱ ፋይል አልጻፈም። አዲሱ ከርነል በየሳጥኑ ተጫነ፤ በጋው መጣ።

ወንፊት መዝገቡን ሲከፍት የራሱን ስም አገኘ። መስመሯን መመለስ የረሳሁት እኔ ነኝ ብሎ ሥራውን ለቀቀ፤ ሳጥኖቹም ወደ አሮጌው ከርነል ተመለሱ፣ ፋይሉ ያለ ባለቤት ቀረ። ከመሄዱ በፊት እዚህ ቤት መጣ፤ እዚያ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀመጠና የአንተንም ሥራ አበላሸሁብህ፣ ይቅር በለኝ አለ። ሽማግሌው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ያውቅ ነበር። «ተረሳ» አለው። ወንፊት ዳገቱ ላይ ለሞተችው እናት ልጆች በየዓመቱ ደብተር እንደሚገዛ ሽማግሌው የሰማው ከሰው ነው።

— ሄሎ… አለሁ፣ አለሁ። እየሰማሁህ ነው… በማን ስም?… በእኔ ስም ይግባ ነው የምትለው? እኔ ጠባቂ፣ አንተ ከጀርባ?… ለምን በእኔ?

ሳጥኑን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

— «የአንተ ስም ንጹሕ ነው» ነው ያልከኝ?

ሚስቱ መርፌዋን አቆመች። ቃሉ አይደለም ያስቆማት፤ ድምፁ ነው።

— ምንም አልሆንኩም፣ አንቺ። ከመሳቢያው ያችን ዲስክ አውጪልኝ። በጨርቅ የተጠቀለለችውን… አዎ፣ አትንኪያት ያልኩሽን። ተቀመጪ፤ አንቺም ስሚ… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? እንግዲህ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ተናግሬ አላውቅምና አታቋርጠኝ።

ስልኩን ከቀኝ ጆሮው ወደ ግራው አዛወረ።

— ያ ፋይል አንተ ዘንድ ሲደርስ መስመሯ የለችበትም ነበር… የለችበትም አልኩህ። እኔ አጣርቼ፣ ሳልመልሳት ነው የላክሁት… አልረሳህም። ምኑን ትረሳለህ? ከማጣራትህ በፊት አለች ወይ ብለህ ታያለህ፤ ካለች ትመልሳታለህ። ደንባችን ይህ ነበር። የሌለችውን ከየት ትመልሳት?… አይደለም፣ ልሸከምልህ ብዬ አይደለም። እንኳን የአንተን የራሴንም አልቻልኩ። የላክሁት ፋይል እጄ ላይ አለ፤ ቀኑም ሰዓቱም ተጽፎበታል… ያን ጊዜውኑ። ፓምፖቹ በቆሙ በሦስተኛው ቀን ከፍቼ አየሁት።

ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮው አስጠጋ።

— ሄሎ?… አለህ?… ሄሎ።

መስመሩ አልተቆረጠም፤ ትንፋሽ ይሰማል። ሚስቱ ዲስኳን ጠረጴዛው ላይ አኑራ እጇን አላነሣችም። ወንፊት ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ቀን ውሃ ያቀረበችለት፣ አይዞህ ያለችው እሷ ናት።

— ለምን አልክ?… ጡረታዬ አራት ወር ቀርቶት ነበር። ልጆቹ ትምህርት ላይ ነበሩ። ለራሴ ስነግረው ምክንያት ይመስል ነበር፤ ለአንተ ስነግርህ አይመስልም… አዎ። አንተም ልጆች ነበሩህ… አውቃለሁ። ስደበኝ፣ መብትህ ነው።

አልሰደበውም። ሽማግሌው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ፤ ዲስኳን ሰካ። ለዚህ ለጋራው ሥራ ለውጥ ሲላክ ማስታወሻ አብሮ ይጻፋል፤ ማስታወሻው ከፋይሉ ጋር ለዘለዓለም ይቀመጣል። በሁለት ጣት መጻፍ ጀመረ።

— አልዘጋሁትም፣ እየጻፍሁ ነው… ቆይ፣ ታገሠኝ። ዘጠኝ ዓመት ታግሠህ የለም እንዴ… ይኸው። ላንብብልህ። «ይህ ፋይል የዘበኛውን መስመር ያጣው በእኔ እጅ ነው። በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ሰው የተላከለትን አስገባ እንጂ አልጣለም። ጥፋት የለበትም። የላክሁለት ፋይል ተያይዟል። መስመሩ ዛሬ ተመልሷል፤ ሳጥን ላይ ተሞክሯል፤ ትርፍ ቢመስልም አይጣል። ጠባቂው እሱ ይሁን።» በቃ፣ ይኸው ነው… ረዘመ? ከዚህ ውስጥ ምኑ ነው የሚወጣው?… «ጥፋት የለበትም» የሚለው? ለምን?… ከፊቱ ያለው ስለሚናገረው? ድግግሞሽ ስለሆነ?

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅ የመሰለ ነገር ደረቱን ነካው፤ ወዲያው ግን ተወው።

— አይወጣም። ስማኝ፣ በሌላው ሁሉ እሺ ብዬህ ኖሬአለሁ፤ እሷ አትወጣም። የታወቀ ነው ተብሎ ያልተጻፈ ነገር ምን እንደሚያደርግ እኔና አንተ አይተናል… እሺ። እሺ፣ ላክሁት… ሄደ። ከፍተህ እየው።

ጠበቀ። ከወዲያ የቁልፍ መንካካት ይሰማል፤ ከዚያ እሱም ቆመ። ወንፊት እንዲያ ነው፤ አንድ ነገር ሲያነብ ከንፈሩን እንኳ አያንቀሳቅስም። ሚስቱ እጇን ከዲስኳ ላይ አንሥታ ባሏ ትከሻ ላይ ልታደርግ ብላ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

— አነበብከው?… አንድ ነገር ቀረ። ያን ቀን እዚህ መጥተህ ይቅርታ ጠየቅኸኝ። እኔም ተቀበልኩህ። የእኔ አልነበረም፣ እያወቅሁ ነው የወሰድኩት። ዛሬ እመልስልሃለሁ… ይቅር በለኝ።

ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል። ሠላሳ ሰከንድ አለፈ፤ ሽማግሌው ቆጥሮታል።

— ተረሳ አትበለኝ። ያችን ቃል እኔ ነኝ የማውቃት… እሺ… ልክ ነህ፣ ቀላል አይደለም። ጊዜህን ውሰድ፤ እኔ እንደሁ የትም አልሄድም፣ ጉልበቴን ታውቀዋለህ… ደብተሩን? ሰማሁ ነዋ፣ ሰው ይናገራል። ዘንድሮ እኔ እገዛለሁ፤ ራሴ ሄጄም ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ… ትልቋ አስተማሪ ሆነች?… አብረን?… ብቻዬን መሄድ ነው የሚገባኝ… እሺ፣ አንተ ካልክ አብረን።

ወንፊት ቆይ አለው። ከወዲያ ወንበር ሲጢጥ አለ።

— ምን አሉ?… መልስ መጣ? ይሄን ያህል ፈጥኖ?… «ይቆይ»። በቃ፣ ይህችን ብቻ? ይህ ሰውስ የአንተ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም… በማን ስም?… በአንተ። ጥሩ… አይደለም፣ እያለቀስኩ አይደለም፤ ዓይኔ ነው፣ መነጽሬን አውልቄ ነው… ማስታወሻውስ?… እንዳለ? «ጥፋት የለበትም» የምትለዋንም አልነካሃትም?… እሺ። እሺ ወንድሜ።

ንግግሩ አልቋል። ሽማግሌው እንደ ሃያ ዓመቱ ልማድ ስልኩ ከወዲያ ቀጭ ሲል ሊሰማ ጆሮውን አስጠግቶ ጠበቀ። ቀጭ አላለም።

— ሄሎ?… አልዘጋህም እንዴ?… ምን አልክ?

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል።

— … አንተም ደህና ሁን።

ስልኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።