በፍልሰታ እንቁላል ስለሸተተበት ቤት

የምስክር ቃል

የመስካሪው ስም፦ ገድሉ አዘዘ
ዕድሜ፦ 61
አድራሻ፦ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ፣ ምድር ቤት
ሥራ፦ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የተገለለ
ትምህርት፦ ትምህርት ቤት ያልገባ፤ ማንበብና መጻፍ በራሱ የተማረ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በሟች ቃልኪዳን ወልደ ሐዋርያት ቤት ስለደረሰው የጋዝ ፍንዳታ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሟች የእህቴ ልጅ ናት። በቤተሰብ ኪዲ እንላታለን። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በደቅ ደሴት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። እሷ በከተማው በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እየሠራች በዚሁ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር።

በሕንጻችን ጋዝ የሚመጣው ከግቢው ነው። በብረት አጥር ውስጥ ከተደረደሩ ትልልቅ ሲሊንደሮች ተነሥቶ፣ በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደየማዕድ ቤቱ ይገባል። ቀደም ሲል የሚያቀርበው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር። ደሞዝ የሚባል ሠራተኛቸው በየወሩ እየመጣ የቧንቧውን መጋጠሚያዎች የሳሙና አረፋ ይቀባቸው ነበር። አረፋው ከፈላ ጋዙ እያመለጠ ነው ማለት ነው። እኔም «ደሞዝ፣ ቧንቧውን እንዲህ ካጠብኸው እኔንስ መቼ ነው የምታጥበኝ?» እያልሁ እቀልድበት ነበር። ባለፈው ዓመት የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ አቶ ሀዲስ ስብሰባ ጠርተው፣ ገበያው ነጻ ስለሆነ ሌሎች ሻጮችም ይግቡ፣ በውድድር ዋጋ ይቀንሳል አሉ። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ዋጋው በእርግጥ ቀንሷል። ሦስት ሻጮች በየተራ ማቅረብ ጀመሩ፤ በሲሊንደራቸው ቀለም ቀዩ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የሌላውን ማያያዣ ፈትቶ የራሱን ያስራል። ደሞዝ ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ በእሱ ቦታም የመጣ የለም።

በሐምሌ መጨረሻ ኪዲ የምድጃዋ ነበልባል እየደከመ መሆኑን ነገረችኝ። ለሻጮቹ ሁሉ ደውላ ነበር። ቀዩ «ጋዙ እንጂ ቧንቧው የእኛ አይደለም» አላት። ሰማያዊውም ያንኑ ደገመላት። አረንጓዴው ተራው እንዳልሆነ ገለጸላት። አቶ ሀዲስ ደግሞ የማኅበሩ ሥራ ውል መፈረም ብቻ መሆኑን ነገሯት። ከዚያ በኋላ የጋዝ ምድጃውን ዘግታ በኤሌክትሪክ ማብሰል ጀመረች።

ፍልሰታ ከገባ በኋላ በሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ መሽተት ጀመረ። ጋዝ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ጾም በመሆኑ የሁላችንም ሐሳብ እንቁላል የበላው ማን ነው ወደሚለው ሄደ። ነሐሴ 9 ቀን ኪዲ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤት ስትወጣ እኔና ጎረቤቷ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ደጃፏ ላይ ቆመን ነበር። አፍንጫዬን ወደ ማዕድ ቤቷ መስኮት አስጠግቼ፣

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር። ይኸው ሄዶ ሄዶ የመሪጌታ ልጅ ቤት ገባ» አልሁ።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ «ኧረ ጉድ! በእመቤታችን ጾም?» ብላ ሳቀች።

ኪዲ «አጎቴ፣ ይተዉ እንጂ። ሰው እውነት ይመስለዋል» አለችኝ።

እኔም «እውነት ካልሆነማ ዶሮዋ ትምጣና ትመስክር» ብያት ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ የሕንጻው ልጆች «እንቁላሊት» እያሉ ሲጠሯት ሰምቻለሁ። አልተቆጣኋቸውም።

ነሐሴ 11 ቀን ሽታው ከመተላለፊያው ጠፋ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ «ንስሐ ገባች መሰለኝ» አለች። ያኔም ሳቅሁ።

ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ኪዲ ከቅዳሴ ስትመለስ ደረጃው ሥር አገኘችኝ። በጠርሙስ ከያዘችው ጠበል በመዳፌ አፍስሳልኝ ጠጣሁ። እሷ ወደ ላይ ወጣች። ወዲያው ሕንጻው ተናወጠ። ሮጬ ስወጣ የማዕድ ቤቷ ግድግዳ ፈርሶ፣ እሷ መተላለፊያው ላይ ወድቃ አገኘኋት። የጋዝ ምድጃው መክፈቻዎች ሁሉ ዝግ እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ከፍርስራሹ ውስጥ የተቃጠለ ፎጣም አይቻለሁ።

የፎጣውን ነገር ሆስፒታል ሆና ራሷ ነገረችኝ። ሽታው ወደ ሰው እንዳይወጣ መስኮቱን ዘግታ፣ የማዕድ ቤቱን በር ሥር በፎጣ ወትፋው ኖሯል። የዚያን ዕለት ዝናብ ስለነበር ቤቱ ጨልሞባት የማዕድ ቤቱን መብራት ማብሪያ ብቻ ነው የተጫነችው። ይህን ከነገረችኝ በኋላ «አጎቴ፣ እንቁላል አልበላሁም» አለች። እንደማትበላ አውቃለሁ አልኋት። ነሐሴ 14 ቀን አረፈች።

የእሳት አደጋ ባለሙያው እንዳስረዳኝ ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ሽታው የሚጨመርበት ሰው ሸትቶት እንዲሸሽ ነው። ጋዙ ያመለጠው ከማዕድ ቤቷ ቁም ሣጥን በስተኋላ፣ በግድግዳው ውስጥ ካለ መጋጠሚያ ነው። ማብሪያው ሲጫን የወጣው ብልጭታ የታፈነውን ጋዝ አቀጣጥሎታል። ሻጮቹ አደጋው የደረሰው በተጠቃሚዋ ጥንቃቄ ጉድለት ነው ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ይህ ሐሰት ነው። ቧንቧው የማን እንደሆነ ግን እስካሁን የሚያውቅ የለም። ትናንት አራተኛ ሻጭ ግቢያችን መጥቶ ከአቶ ሀዲስ ጋር ስለ ዋጋ ሲነጋገር አይቻለሁ።

አስከሬኗን በጀልባ ደቅ ወስደን ቀበርናት። ወሬው በጠዋቱ ጀልባ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ ጾሙን ገድፋ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አልገደፈችም፣ ቀልዱ የእኔ ነው አልኋቸው። እሳቸው ግን «ገድሉ፣ አንተ ሰው ለማጽናናት የማትለው የለም» አሉኝ።

በመሆኑም ሟች ጾሟን እንዳልገደፈች በዚህ ቃሌ ላይ እንዲሰፍርልኝ፣ ግልባጩም በፖሊስ ማኅተም ተረጋግጦ ለአባቷ እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ። ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ማኅተሙን ያምናሉ።

ይህ ቃል ተነቦልኛል፤ ራሴም አንብቤዋለሁ። እውነት ነው። ቀልድ የለበትም።

የመስካሪው ፊርማ፦ ገድሉ አዘዘ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ፍሬ ስብሐት መርስዔ ኀዘን፣ ፊርማ