ርብ ላይ ያለቀው አየር

አባቶቼ ካህናት፣ የወረታና የፎገራ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከሩቅ የመጣችሁ የወንድሜ የሥራ ጓደኞች፤ ይህን ሁሉ ጭቃ ረግጣችሁ ወንድሜን ልትቀብሩልን ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

እኔ መባ ነኝ፤ የባየህ ታናሽ እህት። ብዙዎቻችሁ ድምፄን ሰምታችሁ አታውቁም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባው እኔ ነኝ። ትምህርቴንም ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። እዚህ መቆም የሚገባው ሌላ ሰው ነበር። ግን ባየህ እንዴት እንደሞተ ለመናገር ውሃ ውስጥ አየር እንዴት እንደሚታቀድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከቤታችን ሰው ደግሞ ይህን የሚያወራው ለእኔ ነበር። ሌላው ይስቅበታል፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ባየህን ታውቁታላችሁ። የርብ ወንዝ ሲሞላ ጥጃ ተሸክሞ የሚሻገር ልጅ ነበር። ጅቡቲ ወደብ ሄደ። ከመርከብ ሆድ ሥር ገብቶ መሥራት ተማረ። ቀጥሎ ብርሃን የማይደርስበት ጥልቀት መውረድ ተማረ። ሲመለስ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስባቸውን የአየር ሲሊንደሮች ጭኖ መጣ። መኪናው በራችን ላይ ሲያራግፍ ያልነበረ ማን ነው? ጎረቤታችን አያ ሰውመሆን አጥሩን ተደግፈው ያያሉ።

"ምንድን ነው ያመጣኸው አንተ ልጅ?"

"አየር ነው፣ አያ ሰውመሆን።"

"ፎገራ ላይ አየር ጠፍቶ ነው ከጅቡቲ የምታስጭን?"

"የእናንተ አየር ጭድ ይበዛበታል።"

ሁላችንም ሳቅን። አያ ሰውመሆንም ሳቁ። ያ አየር የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም።

ወንድሜ እንዲህ ይለኝ ነበር። "ከታች ስትሆኚ አንዱ ትንፋሽ የላይኛውን ብዙ ትንፋሽ ይበላል። ውሃው በከበደ ቁጥር ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል።" ከጥልቅ የወጣ ሰው ደግሞ በአንዴ አይወጣም። መንገድ ላይ እየቆመ፣ ገመድ ይዞ፣ ደሙ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ካልጠበቀ፣ ተነቅንቆ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ሰውነቱ ውስጥ ያለው አየር ይፈላል። ስለዚህ በሚቆሙበት ቦታ ገመዱ ላይ የመጠባበቂያ ሲሊንደር ይንጠለጠላል። ሁለት ሰው ከወረደ ለሁለት ሰው ይንጠለጠላል። ሁሉ ነገር ከተበላሸ በኋላም ሁለቱ እንዲወጡ ነው የሚታቀደው።

አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጣራ ገዳም ልንሳለም ወጣን። አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘናል። ጠርሙሱ ላይ በጥፍሩ ሁለት ቦታ ጫረ።

"ሲሶው መሄጃ፣ ሲሶው መመለሻ" አለኝ።

"የቀረው ሲሶስ?"

"እሱ የእኔም ያንቺም አይደለም። መንገድ ላይ ለሚወድቅ ሰው ነው።"

"ማንም ባይወድቅስ?"

"ይዘነው እንመለሳለና።"

ስንወርድ ፀሐዩ ጉሮሮዬን አደረቀው። ለመንኩት። ተቆጣሁ። አኮረፍኩ። አልሰጠኝም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ያን ውሃ ለአንድ አህያ አጠጣው። እኔ እንባዬ መጣ፤ እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። "ሳይነካ ሲመለስ እንዲህ ነው" አለኝ።

ለእህቱ እንኳ የሚሰስት ሰው ነበር እላችኋለሁ። ታዲያ እንዲህ የሚሰስተውን ሰው ማን አሸነፈው?

እኛ አሸነፍነው።

በዚህ ክረምት ርብ ሞልቶ የእትዬ አገኘሁሽን ባል ደብሬን ሲወስደው ሁላችሁም ወንዙ ዳር ነበራችሁ። ከብቶቹ ተሻገሩ፤ እሱ ቀረ። ተፈለገ፣ ጠፋ። በማግስቱም ጠፋ። ያኔ ወደ እኛ ቤት መጣችሁ። እትዬ አገኘሁሽ፣ እርስዎ ወንድሜ እግር ላይ ወደቁ። "ባሌን አፈር አልብስልኝ፤ የዓሣ ቀለብ አይሁንብኝ" አሉት። አባ ወልደ ሥላሴም "ልጄ፣ ሰው ያለ መቃብር አይቀርም" አሉት።

ክፍሉ ውስጥ ሲሊንደሮቹ ቆመው ነበር። አዊ በኩል ላለው ጥልቅ ሐይቅ ሥራ የተሞሉ ናቸው። አብዛኞቹ ለታችኛው ውሃ ብቻ የሚሆን ጋዝ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ለርብ ዓይነት ውሃ የሚሆኑት እነዚያ ገመድ ላይ የሚንጠለጠሉት ሁለት መጠባበቂያዎች ብቻ ነበሩ። እነሱን መልሶ ለመሙላት እንደገና ጅቡቲ መሄድ ነው።

ባየህ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያቸው እኔ አየሁት። ሞቶ ላለ ሰው የሕያው ሰው ትንፋሽ መስጠት ነው። ለእናንተ ግን ይህን እንዴት ይንገራችሁ? ባሏን ያጣች ሴት እግሩ ላይ ወድቃ "አየሩ የሌላ ሰው ነው" ይበላት? ካህን ፊት እምቢ ይበል? የእኛ ልጅ ለቀብር እምቢ ይላል? አንዱን አንሥቶ ወጣ።

ደብሬን ከዛፍ ሥሮች መካከል አገኘው። አልቅሰን ቀበርነው፤ መቃብሩ ከዚህ ይታያል። ባየህን መረቃችሁት። ትከሻውን ሳማችሁት። ከመካከላችን "ለአንተስ ይተርፍሃል ወይ?" ያለው ሰው ግን አልነበረም። አንድም ሰው።

እትዬ አገኘሁሽ፣ እርስዎን እየወቀስኩ አይደለም። እኔ ብሆንም እወድቅ ነበር። የእሱንም ጥፋት አልደብቅም፤ ሥራውን ማዘግየት ይችል ነበር። ዕቃውን ሲጭኑ ሰምቻለሁ። አብሮት የሚጠልቀው ጓደኛው ጋሼ ይርጋለም፣ የአንበሳሜው ሰው፣ ሲሊንደሮቹን አይቶ ቆመ።

"ባየህ፣ አንድ ይጎድላል።"

"ርብ ጠጣው።"

"እንግዲያው ይቅር፣ እናዘግየው። ሐይቁ የትም አይሄድም።"

"ቃል ገብቻለሁ። ሥራውን የሰጡን ሰዎች መጥተው እየጠበቁ ነው። ደግሞስ መቼ ነው መጠባበቂያ ነክተን የምናውቅ?"

"ያልነካነው እኮ እስካሁን ስላልቸገረን ነው" አለው ጋሼ ይርጋለም። ባየህ ሳቀና "አንተ ሽማግሌ፣ ጫን" አለው።

ሄዱ።

አሁን ስለ ሐይቁ ልንገራችሁ። ትናንት ድንኳኑ ውስጥ ስትንሾካሾኩ ሰምቻለሁና። "ሁለት ወርደው እንዴት አንዱ ብቻ ደኅና ይወጣል? ጥሎት ነው እንጂ" ስትሉ። ጋሼ ይርጋለምም ሰምቷል። ለዚህ ነው ቀብር ላይ እንኳ ከአጥሩ ሥር ብቻውን የቆመው።

አልጣለውም። እሱው እንደነገረኝ፣ ከታች የጋሼ ይርጋለም የአየር ቱቦ ፈነዳ። ባየህ የራሱን ሰጠው። ሲሶው ለዚህ ቀን ነበር፤ አልጎደለም። አንዱን ሲሊንደር ለሁለት እየተነፈሱ ገመዱ ጋ ደረሱ። መጠባበቂያ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ግን ያለው አንድ ነበር። እየተቀባበሉ ተነፈሱ። ለሁለት እንደማይበቃ ሁለቱም አወቁ። ጋሼ ይርጋለም "እኔ ልውጣ" ብሎ በእጁ አመለከተ። ባየህ እጁን ይዞ ገመዱ ላይ አስጨበጠው። ጋሼ ይርጋለም አፉ ላይ ያለውን መተንፈሻ ሲያቀብለው አልቀበልም አለ። ባየህ ደሙ እስኪረጋጋ ሳይጠብቅ ወደ ላይ ወጣ።

ጀልባው ላይ ሲያወጡት ይናገር ነበር። "ይርጋለም ከታች ነው፣ ገመዱን እንዳትነኩ" ይል ነበር። ለዚህ ሕመም የሚሆነው መሣሪያ በአቅራቢያ አልነበረም። ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱት መኪና ውስጥ አረፈ።

ጋሼ ይርጋለም የሚተነፍሰው ወንድሜ ስለሰጠው ነው። ዓይናችሁን ስታዞሩበት ባየህ የሰጠውን እየነቀፋችሁ ነው። እኔ በልቤ "ምነው እሱ በቀረ" ብዬ አልመኝም። ተመኝቼ ቢሆን ኖሮ ባየህ አይሰማኝም ነበር። እኔ የምመኘው ሌላ ነው። ያን ቀን በራችን ላይ ከነበርነው ሁሉ አንዱ ሰው ቢጠይቀው። አንድ ቃል። አሁን ግን ቀርቷል።

ጋሼ ይርጋለም፣ ከአጥሩ ሥር ና። እናንተም መንገድ ስጡት። እናቴ ጸሐይነሽ አይታሃለች፤ ከትናንት ጀምሮ ልታናግርህ ፈልጋ ጉልበት አጥታ ነው። እጇን ያዛት። ዛሬ ባየህ ነበር እሷን ይዞ የሚቆም።

እሺ። እዚያው ቁም።

ወንድሜ ባየህ፣ አባቶች አፈሩን ሊመልሱ ነው። ብዙ ነግረኸኛል፤ እኔ ለአንተ ምንም ሳልናገር ቀረሁ፤ ዛሬ ይህን ሁሉ ስናገር የምትሰማኝ ይመስለኛል። ቤታችን ባዶ ነው። ክፍልህ ውስጥ ማን እንደሚገባ አላውቅም። እናታችንን ይዘን ቀስ ብለን ወደ ቤት እንሄዳለን። አንተ እዚህ ትቀራለህ።

ደኅና ሁን፣ ባየህ። ነፍስህን ይማር።