ሳይነበብ የተዘጋ መልእክት

ደባርቅ ላይ በየካቲት ማለዳ የሚነፍሰው ነፋስ ጆሮ ይገምጣል። በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት በእንዲህ ያለ ጠዋት፣ አቶ ቢራራ አንዲት የተሰፋች የበሶ ከረጢት በብብታቸው ይዘው መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ነበር። አቶ ቢራራ በወረዳው የአንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጨዋ ናቸው፤ ሰው አያስቀይሙም፤ ክፉ ወሬ ከአፋቸው አይወጣም። ጉድ ያደረጋቸውም ይኸው ጨዋነታቸው ነው።

ከረጢቱን ያሰናዱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው። ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ለወረደው ልጃቸው ለቻላቸው «በዛሬው መኪና ላክልኝ፤ ይኼኔ ርቦታል» ብለው አስይዘዋቸዋል። አቶ ቢራራ ግን ወደ መኪናው አልሄዱም። አጥሩ ሥር ከተቀመጡት ነዳያን መካከል አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ዘንድ ጠጋ ብለው ከረጢቱን አስረከቡና፣ «የቻላቸውን ነፍስ ይማር በሉልኝ» አሉ።

«ነፍስ ይማር፤ ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥዎ» አሉ ሽማግሌው። የአቶ ቢራራን ድምፅ ለምደውታል።

ዞር ሲሉ ከጎንደር መኪና የወረደች አንዲት ወጣት ቆማ ታያቸዋለች። አቶ ቢራራ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጡ።

«እንደምን አደሩ አባባ» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ፤ «ነፍስ ይማር። ማን ዐርፎብዎት ነው?»

«የሩቅ ዘመድ ነው፣ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ያጥናዎት። መንገድ ያሳዩኝ ይሆን?» ብላ የምትፈልገውን ጽሕፈት ቤት ብትጠራ የራሳቸው ሆነ። ባንቻየሁ ትባላለች፤ የዳባት ልጅ ናት። ጎንደር ተምራ በዞኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆናለች። የመጣችውም ከኅዳር ጀምሮ ኔትወርኩ እንቢ ያለውን የቢሮውን ኮምፒውተር ልትጠግን ነው።

አቶ ቢራራ ይህን ሲሰሙ ደስ ሊላቸው ሲገባ ፈሩ። ለምን ቢሉ፣ ቻላቸው ሞቷል። በኅዳር ወባ ጣለውና እዚያው መተማ ተቀበረ። አብሮት ያጭድ የነበረ ልጅ ደውሎ የነገረው ለአቶ ቢራራ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ለማንም አልተነፈሱም። ወይዘሮ ገበያነሽ «ልጄን በስልክ አገናኘኝ» ባሉ ቁጥር «ኔትወርክ የለም፤ የቢሮው እንኳ ይኸው ተበላሽቶ» ይሏቸዋል። እናት ምን ታድርግ፣ የቢሮው ኔትወርክና የልጃቸው ስልክ አንድ መስመር መስሏቸው «እንግዲያው የቢሮው የተሠራ ዕለት ድምፁን ታሰማኛለህ» እያሉ ይጠብቃሉ። የኮምፒውተሩ መበላሸት ለአቶ ቢራራ መሸሸጊያ ሆኗቸው ነበር።

ቢሮ ደርሰው ኮምፒውተሩ ሲበራ ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ የመልእክት ሳጥን ቀይ ምልክት ይዛ ብቅ አለች። ባንቻየሁ ጎንበስ ከማለቷ የአቶ ቢራራ እጅ ማውሱ ላይ ዘልሎ ሳጥኗን ዘጋት።

«ውይ! ምነው ዘጉት?»

«ክፉ ወሬ ነው፣ ልጄ። በየጠዋቱ ይመጣል። ኃላፊው አይተው ቀናቸው እንዳይበላሽ ቀድሜ እዘጋዋለሁ።»

«ምን እንደሚል አንብበውታል?»

«ክፉ መሆኑን ካወቅሁ ምን ብዬ አነበዋለሁ? ሲዘጉት ይዘጋል።»

«እስከ ዛሬ ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ያላደረግነው ምን አለ! ኬብል ቀየርን፤ አቧራ አራገፍን፤ አጠፋን፣ አበራን። መስመሩን ረገምን። ሪፖርቱን በፍላሽ ገልብጠን በመኪና እንሰዳለን።»

«መድከሙንስ ደክማችኋል» አለች ባንቻየሁ ሳቋን ውጣ፤ «ግን የሚያመውን እየነገራችሁ ሳለ አፉን ነው የያዛችሁት።» ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣችው። ሳጥኗ ስትመጣ ወደ አማርኛ እየመለሰች ጮክ ብላ አነበበች፦ «የኔትወርኩ አገልግሎት ሊነሣ አልቻለም፤ የተደገፈበት ሌላ አገልግሎት አልተነሣምና።»

«ይኸ ምን ማለት ነው?»

«ያስቀድሳሉ አይደል፣ አባባ? ልዑካኑ አምስት ካልሞሉ ቅዳሴው ይገባል?»

«ኧረ አይገባም! ዲያቆን ጎደለ ተብሎ ስንቴ ቆመን ጠብቀናል።»

«ያን ጊዜ ቄሱን ይወቅሷቸዋል?»

«ቄሱ ምን አደረጉ? የጎደለውን ዲያቆን ማስፈለግ ነው እንጂ።»

«እዚህም ያው ነው። የላይኛውን ብቻ ተነሥ፣ ተነሥ ብንለው አይነሣም። ከሥሩ የጎደለው ማን እንደሆነ መፈለግ ነው።»

የአገልግሎቶቹን ዝርዝር ከፈተች። የኔትወርኩን አገልግሎት ነክታ የተደገፈባቸውን አየች፤ ወደ እያንዳንዱ ሄዳ መነሣት አለመነሣቱን መረመረች። ከጥቂት በኋላ «ይኸው!» አለች፤ «ይኼኛው ዲስኤብል ተደርጓል፤ ጭራሽ እንዳይነሣ ተከልክሏል ማለት ነው። ማን ነካው?»

አቶ ቢራራ ግንባራቸውን አሹ። «በኅዳር ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዘገየብን ብለን አንድ ሰው ብናስነካው፣ የማያስፈልገውን አጠፋሁላችሁ ብሎን ነበር።»

«ያጠፋው የሚያስፈልገውን ነው» ብላ ባንቻየሁ ክልከላውን አነሣች፤ በራሱ ጊዜ እንዲነሣ አዘዘችው። መጀመሪያ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላይኛውን አስነሣች። ኔትወርኩ ገባ። አቶ ቢራራ «አለቀ?» ቢሏት፣ «ገና ነው፤ ጠፍቶ ሲነሣም ካልጸና ጠገንሁ አልልም» አለችና እንደገና አስነሣችው። ሳጥኗ አልመጣችም። ሠራተኛው «እሰይ! እጅሽ ይባረክ!» እያለ ተሰበሰበ። አቶ ቢራራ ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዕንባቸው ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

ሰዉ ሲበተን ባንቻየሁ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ የጠዋቱ ቻላቸው የሩቅ ዘመድ አይደለም፤ አይደል?»

«ልጄ ነው» አሉ፤ የሸሸጉትን ሁሉ ዘረገፉላት። «እንግዲህ ዛሬ ለገበያነሽ ምን እላታለሁ? ኔትወርኩ ተሠራ።»

«እውነቱን ይንገሯቸዋ።»

«ምነው ልጄ! ደም ግፊት አለባት። ዕለቱን ክንብል ትልብኛለች። እኔ እኮ ስለምወዳት ነው የደበቅኋት። መርዶ ደግሞ ጊዜ አለው።»

«አለው እንጂ። ጊዜው ማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ተቀምጦ ነው። ይህን ወግ እኔም አከብረዋለሁ። የእርስዎ ግን ስንት ማለዳ አለፈው? ለመሆኑ ፍትሐት ተደረገለት? አርባው ወጣለት?»

አቶ ቢራራ አቀረቀሩ። ፍትሐት ቢያስደርጉ አገር ይሰማል፤ ስለዚህ አላስደረጉም። ልጃቸው እንደ ባዕድ ያለ ተዝካር ቀርቷል።

«እኔም ተደብቆብኝ ያውቃል» አለች ባንቻየሁ። «እናቴ ስትሞት ጎንደር ፈተና ላይ ነበርሁ። ትምህርቷን ትጨርስ ብለው ሳይነግሩኝ ቀሩ። ዕረፍት ሲሆን ነጠላ ገዝቼላት ዳባት ብገባ አርባዋ እንኳ ወጥቷል። ለእኔ ብለው ነው፤ አልጠላኋቸውም። ግን ሰው ለእናቴ ሲያለቅስ እኔ ከጓደኞቼ ጋራ ስስቅ ነበር። ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።»

እዚህ ላይ እኔ ተራኪው አንድ ነገር ልበል። እኛ ሰዎች ክፉ ወሬን የደበቅን ዕለት ክፉውን ነገር ያስቀረነው ይመስለናል። ሞት ተደብቆ ሕይወት አይሆንም። የደበቅንበት ሰው ሐዘኑ አይቀርለትም፤ የሚቀርበት አብሮት የሚያለቅስ ሰው ነው።

«ብትሞትብኝስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ለብቻዎ አይንገሯቸዋ። እኅታቸውን ይጥሩ፤ የነፍስ አባታቸውን ይጥሩ፤ ከጤና ጣቢያ ነርስ ለምነው ያስቀምጡ። መድኃኒታቸውን ቀድመው እንዲውጡ ያድርጉ። ብቻ ከእንግዲህ አይዝጉባቸው።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን፣ እኅታቸው ወለተ ማርያምና ነርሷ ከአቶ ቢራራ ጋራ ገቡ። ወይዘሮ ገበያነሽ ያንን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያዩ የሚሰፉት አዲስ ከረጢት ከእጃቸው ወደቀ። ለካስ ኔትወርኩ ተሠራ ሲባል ሰምተው፣ ልጄ ድምፁን ያሰማኛል ብለው ደግሞ ስንቅ ሊሰዱለት ኖሯል። ቄሱ መርዶውን አረዱ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ወይዘሮ ገበያነሽ ራሳቸውን ሳቱ፤ ነርሷ ደገፈቻቸው፤ እኅታቸው ደረታቸውን እንዳይመቱ እጃቸውን ይዘው አብረው አለቀሱ። አልሞቱም።

ረፈድ ሲል ወደ ባላቸው ዞሩ። «ቢራራ፣ በሶውን ማን በላው?»

«ነዳያን ናቸው። ነፍስ ይማር ይሉለት ነበር።»

«እነሱ ነፍስ ይማር ሲሉ እኔ ዕድሜውን አርዝምልኝ እያልሁ እለምን ነበር!» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። «ለሞተ ልጅ ዕድሜ አስለመንኸኝ፣ ቢራራ!»

አቶ ቢራራ እግራቸው ላይ ወደቁ። ያን ቀን ይቅርታ አላገኙም፤ እውነቱ መነገር አለበት። ነገር ግን ጎረቤት መጥቶ ተቀመጠ፤ ቻላቸው ፍትሐት ተደረገለት፤ የዘገየው ተዝካሩ ወጣለት። ወይዘሮ ገበያነሽም ሌሊት ሌሊት ከበር ላይ ኮሽታ እየሰሙ ልጄ መጣ ብለው መነሣታቸው ቀረ፤ ነርሷ በየሳምንቱ ደም ግፊታቸውን እየለካች ትመለሳለች። በቢሮም ሪፖርቱ መኪና ሳይጠብቅ ጎንደር ይገባል። አቶ ቢራራ ኮምፒውተሩ ክፉ ነገር የተናገረ እንደሆነ ጮክ ብለው ያነቡና ሄደው ለኃላፊው ይነግራሉ። ኃላፊው ቢቆጡም ይቆጡ።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት ባልና ሚስት መናኸሪያው ዘንድ ታዩ። አቶ ቢራራ ራቅ ብለው ቆሙ። ወይዘሮ ገበያነሽ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄደው የሰፏትን ከረጢት እጃቸው ላይ አኖሩና፣ «የቻላቸውን ነፍስ ይማር በሉልኝ» አሉ።

ሽማግሌው ከረጢቷን በእጃቸው ዳሰሱ። «ነፍስ ይማር። ከረጢቷንስ አውቃታለሁ፤ ድምፁ ግን አዲስ ሆነብኝ። አንቺ ማነሽ፣ ልጄ?»

«እናቱ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።