ግማሽ ኪሎ ዲን

ከጎጃም መጥቼ ኮምቦልቻ ስማር የገጠመኝ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ባትሪ መሥራት ነበር። መምህሬ ሊቲየሙንና ከካርቦን ክር የተሠራ ጥቁር ጨርቅ ከውጭ አምጥቶ ሰጠኝና፣ «ዲኑን ከገበያ ፈልግ» አለኝ። ዲን እኛ አገር ለእከክ የሚቀባው ቢጫ ማዕድን ነው። ደሴ ወጣሁና ሰኞ ገበያ ውስጥ ቅመምና የባህል መድኃኒት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ፊት ቆምኩ።

«ሐጂ፣ ዲን አለዎት?»

«አልሐምዱሊላህ! እንዴት አይኖረኝም?» አሉ ኮራ ብለው።

«እንግዲያው ግማሽ ኪሎ ይመዝኑልኝ። ንጹሕ ካልሆነ ግን አልወስድም።»

ሐጂ ሚዛኑን ወደ ጎን ገፉት። ጎረቤት ነጋዴዎች «አስተግፊሩላህ! ዲን በኪሎ?» እያሉ ከበቡኝ። እዚህ አገር ዲን ማለት ሃይማኖት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ላብ እያጠመቀኝ ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋሁ።

«ቢጫውን ዱቄት ነው ያልኩት! እዚህ ላይ ቀብቼ ባትሪ ልሠራበት ነው!»

«ታዲያ ድኝ አትልም፣ ልጄ!» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። «ጨርቁስ ምን ያደርግልሃል?»

«ዲን ብቻውን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የሚሸከመው ይፈልጋል» አልኩ፤ ምላሴ አሁንም አልታረመም።

ሐጂ ሳቃቸውን ለቀቁት። «የኛውም ዲን እንደዚያው ነው!»

መዝነው በወረቀት ጠቀለሉልኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሐጂ ዲናቸውን በኪሎ ሸጡልኝ ብለህ እንዳታወራ፤ አደራ!»

«ለማንም አልናገርም» ብዬ ማልኩላቸው። ይኸው አደራ በላ ሆኜ ነገርኳችሁ።